ላም አለኝ በሰማይ፤ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ይበቃናል?

በከተማችን መሥሪያ ቤቶች አንድ የተለመደ ጉራ አለ። «እኔ እኮ ፈቃድ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ይኸው 40 ቀን ተጠራቅሞልኛል» የሚል። ተናጋሪው ይህን ሲል እንደ ታታሪ ሠራተኛ እንዲታይ ይፈልጋል። ሰሚውም ያደንቃል፣ አንዳንዴም ይቀናል። የተጠራቀመው ቀን በባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ ይቆጠራል። ልዩነቱ ግን ገንዘቡን ሲፈልጉ ያወጡታል፤ ፈቃዱን ግን ሲፈልጉት «አሁን ሥራ ስለበዛ ትንሽ ታገስ» ይባላል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሀብት ነው።

አንድ ሠራተኛ በዓመት ስንት ቀን እየተከፈለው ማረፍ አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሕጉ ቁጥር አስቀምጧል፣ ቁጥሩን አንብቦ ማለፍ ይቻላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደሚበቃ፣ ለማን እንደማይበቃ ማየት ይገባል። በሕግ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ደመወዝና ስለ ስንብት የሚከራከር ሰው ብዙ አይቻለሁ። «ዕረፍቴን ተነፈግሁ» ብሎ የሚመጣ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሰዎች የዓመት ፈቃዳቸውን የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ከወጡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ የዕረፍት ሳይሆን የገንዘብ ሆኗል።

ፈቃድ ወይስ መብት?

በቃሉ እንጀምር። «ፈቃድ» ስንል ሌላ ሰው የሚፈቅድልን ነገር ማለታችን ነው። ሠራተኛው «ፈቃድ ይሰጠኝ» ብሎ ያመለክታል፣ አለቃው «ተፈቅዷል» ብሎ ይፈርማል። ቋንቋው ራሱ መብቱን ችሮታ ያስመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን መብት ሲዘረዝር ዕረፍትን፣ የመዝናኛ ጊዜን እና በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ የዕረፍት ቀንን አብሮ ያነሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ተመሳሳይ ነገር ይላል። አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 7 ይደግመዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አቋም ነው። ሠራተኛው ራሱ ወዶና ፈቅዶ «የዓመት ፈቃዴን ትቼዋለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ፈራሽ ነው። በፈቃዱ ምትክ ገንዘብ መቀበልም፣ የሥራ ውሉ ካልተቋረጠ በስተቀር፣ ክልክል ነው። ሕግ አንድን ሰው ከራሱ ስምምነት የሚጠብቀው በጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚጠብቀው ገንዘብ የቸገረው ሠራተኛ ጤናውን በርካሽ እንዳይሸጥ ብሎ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 77 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ከክፍያ ጋር ያልተቋረጠ ዕረፍት ከ16 የሥራ ቀናት ያነሰ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በኋላ ለየሁለት ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመታት 1 የሥራ ቀን ይጨመራል። «የሥራ ቀን» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ እሑድም ሆነ በመካከል የሚውል የሕዝብ በዓል ከፈቃዱ ላይ አይቀነስም። ይህ ደግሞ ዝቅተኛው ወለል ነው። የኅብረት ስምምነት፣ የድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም የግል ውል ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ በታች ግን አይችልም።

ሠራተኛው የመጀመሪያ ፈቃዱን የሚያገኘው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ያወጣል፤ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ግን የሥራውን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ፍላጎት በተቻለ መጠን እንዲያይ ይገደዳል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ ሊራዘምም ይችላል፤ ይሁንና ከሁለት ዓመት በላይ ማራዘም አይፈቀድም።

ፈቃድ ላይ ያለን ሰው መጥራትስ? ሕጉ ይህንንም አጥብቦታል። የሚጠራው አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ፣ እሱ በቦታው መገኘት ያለበት ጉዳይ ሲያጋጥም ነው። ሲጠራም አሠሪው የትራንስፖርቱንና በመጠራቱ ምክንያት የደረሰበትን የውሎ አበል ይከፍላል፤ በጉዞ የጠፋው ጊዜም ከፈቃዱ አይታሰብም። ሕጉ ይህን ያሰበው መንገድ አቋርጦ ስለሚመለስ ሰው ነው። ዛሬ ግን ሠራተኛውን ለመጥራት የአውቶቡስ ትኬት አያስፈልግም፤ ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ይበቃል። አልጋው ላይ ተጋድሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሪፖርት የሚያርም ሰው ፈቃድ ላይ ነው ወይስ ሥራ ላይ? በእኔ አስተያየት ተጠርቷል። ስለዚህም ቀኑ ሊመለስለት ይገባል።

ሁለት ቀን ተጨምሮ ስንት ቀን ተቀነሰ?

ከ2011 ዓ.ም. በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 14 የሥራ ቀናት ነበር። አዲሱ 16 አደረገው። በዚህ ብቻ ካየነው ሠራተኛው ሁለት ቀን አተረፈ። ነገር ግን የአሮጌው አዋጅ ጭማሪ በየዓመቱ አንድ ቀን ነበር፤ የአዲሱ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። ቁጭ ብለን እናስላው።

በመጀመሪያው ዓመት 14 በ16 ተተካ፤ ትርፍ አለ። በ4ኛው ዓመት ሁለቱም ሕጎች 17 ቀን ይሰጣሉ። በ5ኛውም 18 ለ18 እኩል ናቸው። ከ6ኛው ዓመት ጀምሮ ሚዛኑ ይገለበጣል። በ10ኛው ዓመት አሮጌው ሕግ 23 ቀን ሲሰጥ አዲሱ 20 ይሰጣል። በ20ኛው ዓመት 33 በ25 ተተክቷል። በ30ኛው ዓመት ደግሞ 43 የነበረው 30 ሆኗል።

ይህን ስል አዲሱን ሕግ ለመኮነን አይደለም። ለለውጡ የሚቀርብ ምክንያት አለ። በዓመት 43 የሥራ ቀን፣ ማለትም ከሰባት ሳምንት በላይ፣ የሚቀር ሠራተኛ ለአሠሪው ከባድ ነው። አሠሪው አንጋፋ ሠራተኛን እንዲሸሽ ሊያደርገውም ይችላል። ገና የተቀጠረውን ወጣት መጥቀምም ተገቢ ነው፤ የዛሬ የከተማ ወጣት በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ቀጣሪ ይለውጣልና የሚጠቅመው መነሻው እንጂ ጭማሪው አይደለም። ግን ደግሞ ሃቁን መናገር ይገባል። ሕጉ ያደረገው ከአንጋፋው ወስዶ ለአዲሱ መስጠት ነው፤ የወሰደው ደግሞ ከሰጠው ይበልጣል። ቀጣሪ የለወጠ ሰው ውሉ ላይ ካላስጻፈ በቀር የ15 ዓመት ልምድ ይዞም ቢሆን ከ16 ቀን እንደገና ይጀምራል።

ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጆች መነሻውን 20 የሥራ ቀናት አድርገው በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመሩ በ30 ቀን ላይ ጣሪያ አኖሩለት። በዚያ ስሌት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በ11ኛ ዓመቱ 30 ቀን ይሞላለታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በ1156 መሠረት ያንኑ 30 ቀን የሚያገኘው በ29ኛ ዓመቱ ነው። የሁለቱ ሰውነት የተሠራው ከአንድ ሥጋና ደም ነው። የግሉ ሠራተኛ በሕግ እስከ 48 ሰዓት በሳምንት ሊሠራ እንደሚችል ስናስብ ደግሞ የበለጠ ዕረፍት የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ለመመለስ አይከብድም።

ሌላው ዓለም እንዴት ደረሰበት?

የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ የለውም። የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ቁጥር 52 የተባለው ይህ ስምምነት የጠየቀው ቢያንስ 6 የሥራ ቀን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ፋብሪካዎች ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተካሄደ፤ የሌዮን ብሉም መንግሥትም ሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ ደነገገ። ፈረንሳዮች ሦስተኛውን ሳምንት በ1956፣ አራተኛውን በ1969፣ አምስተኛውን በ1982 አገኙ። አንድ ሳምንት ለመጨመር አሥርና ሃያ ዓመት እየወሰደባቸው ማለት ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 132 ወለሉን ወደ ሦስት የሥራ ሳምንት ከፍ አደረገው። ፈቃዱ ቢከፋፈል እንኳ አንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያልተቋረጠ መሆን እንዳለበትም ጻፈ። በዚህ ሚዛን የእኛን 16 ቀን እንመዝነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ሳምንት 15 ቀን ነውና 16 ይበቃል፣ ይተርፋልም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራው ግን ሦስት ሳምንት 18 ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ይጎድለዋል። አንድ ዓይነት ቁጥር ቅዳሜን ለሚያርፈው የቢሮ ሰው ሞልቶ፣ ቅዳሜ ለሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ ጎደለ ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሙሉ ቢያንስ አራት ሳምንት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የቅጥር ሕግ 21 የሥራ ቀናት ትሰጣለች። በሌላ በኩል ሀብታሟ አሜሪካ የግል አሠሪ አንድም ቀን የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም፤ ጉዳዩ ለውልና ለቀጣሪው ፈቃድ የተተወ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ዘመዳችን በአሥር ቀን ውስጥ ለቅሶውንም፣ ሠርጉንም፣ የመሬት ጉዳዩንም ጨርሶ ሲሮጥ የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ የዕረፍቱ ቁጥር የሀብት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የምርጫ ጉዳይም ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረን ደግሞ የጃፓን ነገር ነው። የጃፓን ሕግ ከ10 ቀን ጀምሮ እስከ 20 ቀን ይሰጣል። ሠራተኛው ግን በባልደረቦቹ ላይ ሸክም መጣል እያፈረ አይወስደውም ነበር። በመጨረሻ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሚገባው ሠራተኛ ቢያንስ 5ቱን ቀን እንዲያስወጣው አሠሪውን በሕግ አስገደደ። መብቱ በወረቀት ላይ መኖሩ እንደማይበቃ ገብቷቸዋል።

ሰውነት የሚጠይቀው

ሕግ ቁጥር ያወጣል፤ ሰውነትም የራሱ ስሌት አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች በስትሮክ የመያዝ አደጋቸው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋቸው በ17 በመቶ እንደሚበልጥ ገምተዋል። በ2016 ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል ሲሉም አስልተዋል።

ስለ ዓመት ፈቃድ በተለይ የተነገረም አለ። ፊንላንዳዊው ፕሮፌሰር ቲሞ ስትራንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረቡት ጥናት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ክትትል የተደረገላቸው የሄልሲንኪ የሥራ ኃላፊዎች ታይተዋል። ስለ አመጋገብና አኗኗር ምክር ሲሰጣቸው ከነበሩት መካከል በዓመት ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ያረፉት ሰዎች እስከ 2004 ባለው ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ከዚያ በላይ ካረፉት በ37 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥናት ፈቃድ ማነሱ ብቻውን ገደላቸው አይልም። ጥቂት የሚያርፍ ሰው ብዙ የሚሠራ፣ ጥቂት የሚተኛ፣ ብዙ የሚጨነቅም ሊሆን ይችላል። ግን ዕረፍት የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ያመለክታል።

ከሆላንድ የተገኙ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ጠቃሚ ነገር ይነግሩናል። ረዘም ያለ ፈቃድ የወጡ ሠራተኞች ደኅንነት ቀን በቀን ሲለካ ስሜታቸው እየተሻሻለ ሄዶ በስምንተኛው ቀን ገደማ ከፍተኛው ላይ ደርሷል። ወደ ሥራ ሲመለሱ ግን ጥቅሙ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ጠፍቷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት አገኛለሁ። አንደኛው፣ ሰው አርብና ሰኞን እየቆነጠረ የሚወስደው ፈቃድ እውነተኛውን ዕረፍት ሳይነካው ያልቃል፤ አእምሮ ከሥራው ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋልና። ሁለተኛው፣ ሦስት ዓመት አጠራቅሞ ሁለት ወር ማረፍ በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ማረፍን አይተካም። ዕረፍት አይጠራቀምም።

ይህን ገበሬው አባታችን ያውቀዋል። ሰንበትን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን የሚያከብር ገበሬ በወር ውስጥ በተደጋጋሚ በሬውን ይፈታል። እኛ የተማርነው «በዓል በዛ» እያልን እንተቸዋለን። ከዚያ ሥርዓት ወጥተን ደመወዝተኛ ስንሆን ግን ያን የተደላደለ ዕረፍት የሚተካልን ነገር ቢኖር የዓመት ፈቃድ ነበር። እሱን ደግሞ አንወስደውም።

ፈቃድ ወጥቶ ዕረፍት የለም

በእኛ አገር የዓመት ፈቃድ የሚበላው በምንድን ነው? እስቲ አንባቢ ያለፈውን ዓመት ያስታውስ። አጎት ሞቶ ሦስት ቀን፣ የእህት ሠርግ አራት ቀን፣ የልጅ ምዝገባ አንድ ቀን፣ ካርታና ግብር ለማስጨረስ በወረዳና በክፍለ ከተማ መካከል አምስት ቀን፣ እናትን ሐኪም ቤት ለማስታመም አንድ ሳምንት። ቤተሰቡ ጎንደር ያለ ሰው ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለመጠየቅ የመንገዱን ቀን ይጨምራል። ዓመቱ ሲያልቅ 16ቱም ቀን አልቋል፤ ሰውዬው ግን አንድም ቀን አላረፈም። ሴት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ፈቃዷ ማለት ቤት ውስጥ የሚጠብቃትን ሥራ የምትጨርስበት ጊዜ ነው።

ማኅበራዊ ሕይወታችንን አልኮንንም፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምን ሰው ነው? ግን ሕጉ ለእነዚህ ጉዳዮች የተለየ በር እንደከፈተ ብዙዎቻችን አናውቅም። ለራሱ ጋብቻ፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ ሲሞትበት ሠራተኛው ከክፍያ ጋር 3 የሥራ ቀናት ያገኛል። ልጅ ለተወለደለት አባትም አዲሱ አዋጅ 3 ቀን ሰጥቷል። ለሌላ ልዩና ከባድ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት መጠየቅ ይቻላል። ሕመም ሲያጋጥም ደግሞ የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በዓመት ፈቃድ ላይ እያለ የታመመ ሰውም የሚታከመው በሕመም ፈቃድ ነው እንጂ በዓመት ፈቃዱ አይደለም። «ከዓመት ፈቃድህ ይታሰብ» ተብሎ ሲነገረን ዝም ብለን የምንፈርመው ሕጉን ስለማናነበው ነው።

አሠሪውም ጥያቄ አለው

አሠሪው «ቀን በጨመራችሁ ቁጥር ወጪዬን ትጨምራላችሁ» ይላል። ልክ ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን እናስላ። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ድርጅት እሑዶችና የሕዝብ በዓላት ሲቀነሱ በዓመት ወደ 300 የሚጠጋ የሥራ ቀን አለው። 16 ቀን ከዚህ ውስጥ 5 በመቶ ያህል ነው። መነሻው ወደ 20 ቢያድግ የሚጨመረው 4 ቀን፣ ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ለደከመና ለሚሳሳት፣ ለሚታመምና ለሚለቅ ሠራተኛ የሚወጣው ወጪ ከዚህ ያንሳል ብዬ አላምንም።

የተጠራቀመ ፈቃድም በነፃ አይቀመጥም። ሠራተኛው ሲለቅ በገንዘብ ይከፈለዋል፤ የሚከፈለውም በዚያን ጊዜ ባለው ደመወዙ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በ8 ሺህ ብር ደመወዝ የተጠራቀመ ቀን ዛሬ በ15 ሺህ ብር ይሰላል። ለዚህም ነው የሂሳብ ባለሙያዎች በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት ያልተወሰደ ፈቃድን እንደ ዕዳ የሚመዘግቡት። በባንክ ሥራ ደግሞ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው በዓመት ሁለት ሳምንት ሳይቆራረጥ ከመደቡ እንዲርቅ ማድረግ የታወቀ የቁጥጥር ዘዴ ነው። ብዙ ማጭበርበር የሚወጣው ተተኪው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነውና። ፈቃድ ወጥቶ የማያውቅ ገንዘብ ያዥ ሊመሰገን ብቻ ሳይሆን ሊመረመርም ይገባል።

ሠራተኛውስ? ኑሮ የተወደደበት ሰው «ቀኑን ተዉትና ብሩን ስጡኝ» ቢል አይፈረድበትም። ባዶ ኪስ ይዞ ቤት መቀመጥ ዕረፍት አይመስልም። ግን መፍትሔው ደመወዙን ማስተካከል እንጂ ዕረፍቱን መሸጥ አይደለም። ሽያጩ ቢፈቀድ መጀመሪያ የሚሸጠው ከሁሉ የበለጠ የደከመው ሰው ነው።

ከሕጉ ጥላ ውጭ የቀሩት

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎች ሥራ አስኪያጅ ወይም ኃላፊ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይሸፍን ያውቃሉ? የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው በዚህ አዋጅ አይዳኝም፤ የሚገዛው ውሉና የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ የዕድገት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ደመወዙን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ የፈቃዱ ቀን ስንት እንደሆነ፣ ካልወጣችሁ ምን እንደሚሆን በውሉ ይጻፍ።

ሌላዋ ከሕጉ ውጭ የቀረችው በየቤታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ ናት። አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ተወው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቱ ጤናው እንዲጠበቅ ያዛል፤ ይህን አንብቦ የሚቀጥር ግን ጥቂት ነው። እኛ ፈቃድ ወጥተን ቤት ስንውል ቡና የምታፈላው፣ ልጅ የምትይዘው፣ እንግዳ የምትቀበለው እሷ ናት። የእኛ ዕረፍት ለእሷ ተጨማሪ ሥራ ነው። ለአዲስ ዓመት ወይም ለፋሲካ ቤተሰቧን ጠይቃ ስትመለስ «ቀረሽ» ብለን ከደመወዟ የምንቆርጥ ሰዎች ስለ ሠራተኛ መብት ስንናገር ሊከብደን ይገባል።

እንግዲህ ስንት ቀን ይበቃል?

መልሴን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መነሻው ለሁሉም ደመወዝተኛ 20 የሥራ ቀናት ቢሆን ምክንያታዊ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛው ተሰጥቶ የታየ ነውና እንግዳ ቁጥር አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራም ከሦስት ሳምንት ወለል ያልፋል። ጭማሪው በ30 ቀን ጣሪያ ቢኖረው አሠሪውም አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በየዓመቱ ሳይቆራረጥ ይወሰድ፤ ሁለት ዓመት ማራዘም ለእውነተኛ ችግር ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፈቃዱን የማስወጣት ግዴታ እንደ ጃፓኑ በአሠሪው ላይ ይውደቅ፤ ሠራተኛው ለምኖ እንዳይወጣ።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር አለ። የፈቃድ ቀናችሁን በዓመቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውን አስቀሩ። ሲራዘምባችሁም ምክንያቱና አዲሱ ቀን በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ከሥራ የምትለቁ ከሆነ ያልተወሰደውን ፈቃድ ክፍያ ሳትዘገዩ ጠይቁ፤ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ራሳችሁ ውጡ። አለቃው በማይወጣበት መሥሪያ ቤት የበታቹ «ፈቃድ» ለማለት ይፈራል። ሲወጣም ስልኩን ተዉለት።

ቤታችሁ ላለችው ሠራተኛ የትኛውም ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በዓመት ሁለት ሳምንት፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ፣ የመንገድ ገንዘቧን ጨምራችሁ ስጧት። ይህን ለማድረግ የማንም ፊርማ አያሻም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ፈቃድ ሰጪው እናንተ ናችሁ።

ቸር እንሰንብት።